የፊደል ፍላሽ

አባቴ በመንደራችን ሰው ሲሞት የሚለፍፍ ሰው ነበር። የእድሩን ጡሩንባ ይዞ ከኮረብታው ጫፍ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። መንደሩ በጊዳ አያና ወረዳ፣ ከአያና ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ እንደ አባቴ ያሉ ሰዎችና ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበሩ ኦሮሞዎች አጥር ተጋርተው ይኖሩ ስለነበር እድሩም አንድ ነበር። አባቴ በአማራው ደጅ በአማርኛ፣ በኦሮሞው ደጅ በኦሮምኛ ይለፍፋል። ኦሮምኛው እስከ ዛሬ ወሎ ወሎ ይላል፤ ግን ማን ሞተ ብሎ ግራ የተጋባ ጎረቤት አልነበረም።

ለፋፊ የራሱ ሥርዓት አለው። በማንም ቤት አይቀመጥም፣ ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። አባቴ ሌላም ሕግ ነበረው፤ የአንድ ሰው ሞት ሁለቴ አይለፈፍም። አልሰማሁም የሚል ጎረቤቱን ይጠይቅ። ሕጉ የእድሩ ይሁን የእሱ የግሉ አጣርቼ አላውቅም፤ ግትርነቱን ስለማውቅ የግሉ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታኝ፤ እሱም ልጅ ሆኜ ጓሮ ካለችው ዋንዛ ላይ ፍየል አስሬ ስላገኘኝ ነው። ለምን እንደመታኝ ብጠይቀው «ሌላ ግንድ ጠፋ?» ብሎ አለፈኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ በኩል ሰላም ሲጠፋ መንደሩ ተበተነ። እኔ ያኔ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ይዤ አማርኛ አስተምር ነበር፤ መኪና ለምኜ ሄጄ አመጣሁት። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ፣ አባቴ ወደ ጓሮ ዞረ። ሽንቱን ሊሸና ነው ብዬ ነበር፤ ግን በጣም ቆየ። ሲመለስ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ አፈር ነበረ። «ወደቅህ እንዴ?» ብለው «ዝም ብለሽ ግቢ» አለኝ።

ነቀምቴ ከገባ በኋላ ስልኩ አላረፈም። በየአገሩ የተበተኑት የመንደራችን ሰዎች እየደወሉ መቃብር ይጠይቁታል። እኛ ጋ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ድንጋይ ይከመራል፣ እሬት ይተከላል፣ የቀረውን ሰው በልቡ ይይዘዋል። የእናቷን ማረፊያ ለልጆቿ መንገር የምትፈልግ ሴት ትደውላለች። እዚያው የቀሩት ኦሮሞ ጎረቤቶቻችንም አጥር ሲያድሱ የሰው መቃብር እንዳይቆፍሩ ብለው ይደውላሉ። አባቴ ዓይኑን ይጨፍንና «ከቤተ ክርስቲያኑ በር ገብተሽ በግራ፣ ከወይራዋ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከአንጥረኛው ሚስት እግርጌ» ይላል። ሲሳሳት አልሰማሁም።

አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጻፈው አልኩ። እምቢ ብሎ ሰነበተና፣ ዕድሜውን አስቦ ይመስለኛል፣ በኋላ እሺ አለ። «አንዴ እናገራለሁ፣ አንዴ ትጽፊያለሽ። ሞት ሁለቴ አይለፈፍም።» እኔ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሱ ምርኩዙን ይዞ፣ ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ እየተቀመጥን ሁለት ወር ጻፍን። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ሆነ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም። እናቴ ሠላሳ አራተኛዋ ናት። እሷንም እንደ ሌሎቹ በእርምጃ ነገረኝ፣ ድምፁም አልተለወጠም፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ስሞቹን እዚህ አላነሳም፤ የባለቤቶቻቸው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚደውል ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ። «እኔ ጨርሻለሁ፤ ከልጄ መዝገብ ይነበብልሽ» ይልና ስልኩን ለእኔ ያቀብላል። መዝገቡ ደግሞ ያለው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ልገልብጠው ነገ ነገ ስል ወራት አለፉ።

አሁን ስለ ፊደሉ ልናገር። በነቀምቴ የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ባልደረቦቼ የሚጽፉት በቁቤ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የተሳሉት የላቲን ፊደሎች ይበቋቸዋል። በግዕዝ ፊደል የምንጽፍ ጥቂቶች ግን ኮምፒውተር በገዛን ቁጥር የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ማስጫን ነበረብን። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ፊደል አላቸው ቢባልም እጃችን የለመደው የድሮውን ነው። ፕሮግራሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። የሚኖረው በአንድ ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ደግሞ ለዓመታት የኖረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። በሰፈራችን ፊደል የፈለገ ሰው «መምህሯ ጋ ሂድ» ይባላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ፕሮግራሙ ሲጫን ሁልጊዜ አንቲቫይረሱ ቀይ ሳጥን ከፍቶ ይጮኻል። አብሮት ያለው መመሪያም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። የመጀመሪያዋን ጊዜ ደንግጬ ፍላሹን የሰጠኝን ባልደረባዬን ብጠይቀው፣ «ፈረንጅ የሠራው ስለሆነ ፊደላችንን አያውቅም፤ ሲያይ ይደነግጣል» አለኝ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ወደድኩት። ሀሁ ሲመጣበት የሚበረግግ ማሽን! ለአንዲት አማርኛ አስተማሪ ከዚህ የሚጥም ቀልድ ከየት ይመጣል? እኔም በተራዬ ለሁሉም እንዲያ እያልኩ ጫንኩ።

ባለፈው ዓመት የተሻሻለው ወጣ ተብሎ በኢንተርኔት ተላከልኝ። የድሮውን ከፍላሹ አጥፍቼ አዲሱን አስቀመጥኩ፤ በላፕቶፔ ላይም ጫንኩት። አንቲቫይረሱ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ እንደ ልማዴ አጠፋሁት። ከዚያ ፍላሹን ለሦስት ሰዎች ሰጠሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ ለሚሸጠው የጉራጌ ነጋዴ፣ ለደብሩ ጸሐፊና ጉቴ ከተማ ለምታስተምር ጓደኛዬ። «ፊደሉን ሲያይ ነው የሚጮኸው፤ አትስሙት፣ አጥፉት» አልኳቸው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ላፕቶፑ ማቃሰት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምንም ሳልሠራበት ማራገቢያው ያጓራል፤ አንድ ገጽ ስከፍት ያልጠራሁት ሌላ ገጽ ይመጣል። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ሰኞ ርዕሰ መምህራችን በር ላይ አስቁሞኝ «በርሲስቱ፣ በኢሜይል የላኩልኝ ደብዳቤ አይከፈትም እኮ» አለኝ። በርሲስቱ መምህርት ማለት ነው፤ እዚህ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። እኔ ግን ምንም ደብዳቤ አልላክሁም።

ያን ቀን ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን መዝገብ ነው። ገልብጬ ላውጣው ብዬ ፍላሽ ሰካሁ። የገለበጥኩት ፎልደር ፍላሹ ላይ ትንሽ ቀስት ያላት ሌላ ምልክት ሆነ፤ ብነካው አይከፈትም። ወደ ላፕቶፑ ተመልሼ ዋናውን ብከፍት ባዶ ነው። ዘግቼ ከፈትኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤ ባዶ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው፣ እናቴም ጭምር፣ የሉም። አባቴ ደግሞ ሁለተኛ አይናገርም።

ለሁለት ቀን ደበቅሁት። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ከሩቅ ደወለችና አባቴ «ከመዝገቡ ይነበብልሽ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የእናቷን ነበር የፈለገችው። «እህቴ፣ መብራት የለም፤ ሲመጣ እደውልልሻለሁ» አልኳት። በነቀምቴ ይህን የመሰለ የሚታመን ውሸት የለም። አባቴ ቀና ብሎ እየበራ ያለውን አምፖል አየ።

በማግስቱ ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልዬ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ጠጋኙ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ የወንጌላውያን አማኝ ነው። «አካም ቡልተኒ፣ በርሲስቱ» ብሎ ተቀበለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። «ፎርማት ነው» አለ።

ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ጠርጎ ማጥፋት ነው። በከተማችን ኮምፒውተር ምንም ቢያመው መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ለራስ ምታቱም ለቁርጠቱም አንድ ክኒን።

«አይሆንም» አልኩት። «ውስጡ ሰው አለ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። አባቴ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳጻፈኝና ለምን እንደማይደግመው ነገርኩት። መዝሙሩን አቆመ። ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ፎልደሩ ባዶ ነው አሉኝ?»

«ባዶ ነው።»

«ዲስኩ ግን የተያዘውን ቦታ አልለቀቀም። ባዶ ከሆነ ምኑ ነው ቦታ የያዘው?» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «ተደብቆ ይሆናል። አልተበላም ይሆናል። ቃል አልገባልዎትም።»

መጀመሪያ ከኢንተርኔት አላቀቀው። «ይኼ ነገር ከውጭ ካለ ጌታው ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ወሬውን እንቁረጥበት» አለ። ከዚያ ለመነሳት የግድ የሚያስፈልገው ብቻ እንዲነሳ አድርጎ አበራው። ላፕቶፑ ሲበራ ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣና አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ይህን ያውቁታል? ይህንስ? እንደ ሰርግ ቤት በረኛ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይለያል። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ስሙ የኮምፒውተሩን የራሱን ዕቃ ይመስላል፤ የተቀመጠው ግን እዚያ ዓይነት ዕቃ በማይቀመጥበት ጥግ ነው።

«የገባበት ቀን እዚህ አለ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። «በዚህ ቀን ምን ጫኑ?»

ቀኑን አውቀዋለሁ። የዓመቱ ትምህርት ያበቃበት ቀን ነበር።

«ፊደል» አልኩ።

«አንቲቫይረሱ አልጮኸም?»

«ጮኸ።»

«እና?»

«አጠፋሁት።»

ቀስ ብሎ ከማያው ላይ ዓይኑን አነሳ። «ማል ጎተን፣ በርሲስቱ» አለ፤ ምን አደረጉ ማለቱ ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይኼ ትሮጃን ይባላል። ሌላው ቫይረስ ሰብሮ ይገባል። ይኼ ግን በር አይሰብርም፤ የሚፈልጉትን ነገር ይዞ ይመጣና እርስዎ ራስዎ ይከፍቱለታል። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ። ከገባ በኋላ ደግሞ ጓደኞቹን ይጠራል፤ ደብዳቤ የሚልከውም ፎልደር የሚደብቀውም እነሱ ናቸው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ ውሻ ግን የጮኸው ጅቡ ሳይገባ ነው። ምናልባት በድሮው ፕሮግራም በከንቱ ጮኾ ይሆናል፤ በአዲሱ ግን እውነቱን ነበር። እኔ ነኝ አፉን ያሰርኩት።

ጠጋኙ ንጹሕ መሆኑን ከሚያውቀው ፍላሽ ላይ ሌላ መፈተሻ አስነስቶ ላፕቶፑን ከላይ እስከ ታች ማስፈተሽ ጀመረ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከምሳ በኋላ ድረስ ፈጀ። ለምሳ ይሂዱ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ እሱም ሳይሄድ ቀረ። አሥራ አራት ነገር ተገኘ፤ አንድ በአንድ አስወገዳቸው። ያንን ዋናውን ሲያጠፋው ተመልሶ እንዳይነሳ የተነሳበትንም ትእዛዝ ፈልጎ ነቀለ። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አዘዘ።

የእኔ ፎልደር ወጣ። እንደ ሌሎቹ ደማቅ አይደለም፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ከበሽታ የተነሳ ሰው መስሎ። ከፈተው። የመጀመሪያው ስም አለ። ወደ ሠላሳ አራት፣ ወደ እናቴ ወረድኩ። አለች። ጠጋኙ ፊቴን ላለማየት ወደ ውጭ ወጥቶ ቆየልኝ፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሲመለስ ፍላሽ ላይ ብቻ አላስቀመጠውም፤ አተመው። «ወረቀት ቫይረስ አይዘውም» ብሎ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሰጠኝ። ንጹሑን ግልባጭ በአዲስ ፍላሽ አድርጎ ካረጋገጠ በኋላ «አሁን ፎርማት ይገባዋል» አለ። ትሮጃን አንዴ ከገባበት ቤት ሌላ ምን እንደደበቀ ስለማይታወቅ ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ ጫነው። የኢሜይሌንም የይለፍ ቃል ከእሱ ስልክ አስቀየረኝ። ፊደሉ? ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲፈጠርም ነበረ፤ በሁለት ንክኪ አወጣልኝ። ስንት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ የዞረው ፍላሽ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜው ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ለዚያች ሴት ደወልኩና የእናቷን ማረፊያ ከወረቀቱ አነበብኩላት። ከዚያ ለአባቴ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የመብራቱን ውሸት ጨምሬ። የጠበቅሁት ቁጣ ስለ መዝገቡ ነበር። እሱ የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ጮኸ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሌባ ገባ ብሎ ጮኸ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እና አፉን ያዝሽው።» ምርኩዙን አሽከረከረ። «አንድ ጧት ወንዝ ማዶ አንድ ሰውዬ ደጅ ቆምኩ። ገና አፌን ስከፍት ከውስጥ ሆኖ፣ ይኼ ጡሩንባህ ከብቴን አስበረገገ፣ ሂድ ወዲያ ብሎ ውሻ ለቀቀብኝ። ሄድኩለት። የሞተችው እህቱ ነበረች። ቀብሯ ላይ አልደረሰም። እስኪሞት ድረስ ለፋፊው አልነገረኝም እያለ ሲከሰኝ ኖረ።»

ሰውዬው መዝገቡ ላይ አለ፣ ስልሳ ሁለተኛው ነው። ሳቄ መጣ፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

«ለስንት ሰው ሰጠሽ?» አለ።

«ለሦስት።»

«ታዲያ ምን ትቀመጫለሽ?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ስልክ ልደውልላቸው እችል ነበር፤ በስልክ ስናገር ፊቴ አይታይም፣ ስልኩን የተመኘሁትም ለዚሁ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ለፋፊ ደጅ ለደጅ ሂጂ ማለቱ ነው። በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ወንበር ሳበልኝ፣ ለስላሳ ሊከፍትልኝ ተነሳ። አልተቀመጥኩም። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ «የሰጠሁዎት የፊደል ፕሮግራም ውስጥ ትሮጃን አለ። የጮኸው እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁ፣ ጠጋኙ ጋ ይውሰዱት፣ ሳይፈተሽ ፎርማት አያስደርጉ» አልኩ። ጠርሙሱን ይዞ ቀረ። «የእኔማ ሁለቴ ጮኾ ነበር» አለ። «ወንድሜም ጊምቢ ሱቅ አለው፤ ሰጠሁት። ሲጮህበት ደወለልኝ። ፊደሉን ሲያይ ነው፣ መምህሯ ብላለች አልኩት።» የራሴን ቃል በሰው አፍ ስሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜውኑ ለወንድሙ ሲደውል ሰምቼ አለፍኩ።

የደብሩ ጸሐፊ የክርስትናውን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ አገኘሁት። ሰምቶ አማተበና የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። የጉቴዋ ጋ በሚኒባስ ሄድኩ። አቅፋ ልታስገባኝ ስትል በሩ ላይ ስቆም ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። ስነግራት ልቧ ተመለሰ፤ ግን እሷም ለሁለት ሰው ሰጥታለች። «ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ» ብላ ገባች፤ እኔ ወደ ነቀምቴ ስመለስ እሷ ወደነሱ ሄደች። ውሃ ሳልቀምስ ዋልኩ። ለፋፊነት እግር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፊትም ይጠይቃል ለካ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ዝናብ ነበር። ወረቀቱን አምጥቼ «አንድም አልጠፋም» ስለው አላመነኝም።

«ከመጀመሪያው አንብቢው። ሌባው የወሰደው ካለ ልይ።»

አነበብኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በየስሙ ምርኩዙን አንዴ ወለሉ ላይ ይመታል። የእናቴ ጋ ስደርስም እንደ ሌሎቹ አንዴ መታ። ዝናቡ አባራ፣ ጨረስኩ። ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ላይ ምርኩዙ አረፈ፤ እሱ ግን ዓይኑን አልገለጠም።

«አንድ ይጎድላል» አለ።

ላፕቶፑ ተጠርጓል። ተመልሼ የምፈልግበት ጓዳ የለም። «አይሆንም አባዬ፣ ስንጽፍም ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ» ብዬ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። «ማን ነው? የማንን ነው የወሰደው?»

«ተይው፣ አታገላብጪ። ሌባው አልወሰደውም፤ እኔ ነኝ ያልሰጠሁሽ።»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አሳረፍኩት።

«ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን» አለ። «የመጣን ዓመት ነው የተወለደው። ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ክርስትና ላልተነሳ ጡሩንባ አይነፋም፣ እድርም አይወጣም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይቀበርም። እኔው ቆፈርኩ። ከእናትሽና ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።»

«የት?»

«ጓሮ። ከዋንዛዋ ሥር፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል።»

ፍየሏ ትዝ አለችኝ። ጉልበቱ ላይ የነበረው አፈርም። ወንድም እንደነበረኝ በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ ነው፤ አለቀስኩ፣ እሱም አላስቆመኝም።

እስክሪብቶ አምጥቼ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። «ስሙን ማን ልበል?»

«ስም የለውም። ልጄ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ዋንዛዋን፣ ፀሐይ የምትወጣበትንም ወገን ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ከፍ አድርጌ አነበብኩለት።

«እንግዲህ ተለፈፈ» አለና ምርኩዙን አንዴ ወለሉ ላይ መታ።